ለሽማግሌ የሚበቃ ቻርጅ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አዳማ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግቢ ውስጥ፣ አቶ ሰይፈሚካኤል ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለተሰበሰብነው ሁሉ የሚከተለውን አስታወቁ።

«መኪናው ሞልቷል።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተመስገን አሉ። ነገሩ ገና ያልገባት አንዲት ጎረቤት እልል ልትል አፏን ከፈተችና የሌላው ሰው ዝምታ ሲያስፈራት መልሳ ዘጋችው። አቶ ሰይፈሚካኤል ጡረታ እስኪወጡ ማዘጋጃ ቤት የሠሩ ሰው ስለሆኑ፣ ማናቸውንም ነገር የሚናገሩት ሪባን ሊቆርጡ እንደተጠሩ አድርገው ነው። ቧንቧው ውሃ መጣለት ሲሉ እንኳ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል።

መኪናው የሳቸው አይደለም፣ የምንተስኖት ነው። ምንተስኖት የወይዘሮ ሮማነወርቅ ልጅ፣ የአቶ ሰይፈሚካኤል የእህት ልጅ ነው። አባቱ ትተውለት ያለፉትን የናፍጣ ሚኒባስ ከአዳማ ሁሩታ፣ ከሁሩታ አሰላ ሲነዳ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት ሸጦ ይህቺን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከዚያ በፊት ግን ባቱ ውስጥ ሶረቲ የምትባል ልጅ ወዶ ነበር። እሷም ወዳዋለች። ያልወደዱት አባቷ ናቸው። ኦቦ ጉተማ ሽንኩርትና ቲማቲም አምርተው የሚነግዱ፣ ከሐይቁ ውሃ የሚስቡበት ሞተር በናፍጣ፣ ምርቱን የሚያጓጉዙበት ኢሱዙ በናፍጣ የሚሠራ ሰው ናቸው። ልጁ ሚኒባሱን መሸጡን ሲሰሙ ምንም አላሉም። የገዛውን ሲሰሙ ግን «ልጄን ጎማ ላለው ስልክ አልሰጥም» አሉ ተባለ። ይህ ቃል ከባቱ አዳማ ለመድረስ ቻርጅ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ በዚያችው መኪና እንዲሆን ተወሰነ። ደርሳ ከተመለሰች ኦቦ ጉተማ የሚሉት አይኖራቸውም። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ምንተስኖት ሶረቲን ይርሳት። እንዲህ ብሎ በግልጽ የተናገረ ሰው የለም፣ የማያውቅም የለም። ምንተስኖት ራሱ ከንጋት ጀምሮ መኪናዋን በጨርቅ ሲወለውል ቆይቶ፣ አሁን መወልወያው እጁ ላይ እንዳለ አጥር ተደግፎ ቆሟል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንደኛው አቶ ሰይፈሚካኤል ናቸው፤ የሚነዱትም እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲነዳ ያረጀው ጓደኛዬ ዘካርያስ ነው። ዘካርያስ ናፍጣ የማይጠጣን ነገር መኪና ብሎ ጠርቶ አያውቅም። የተመረጠው ከኦቦ ጉተማ ጋር የቆየ ወዳጅነት ስላለው ነው፤ ድሮ ሽንኩርታቸውን ይጭንላቸው ነበር። ባቱ ሲደርስ በመኪናዋ ላይ ክፉ ላይናገር ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፊት ቃል ገብቷል። እስከ ባቱ ስላለው መንገድ ግን ቃል አልገባም። ሦስተኛው እኔ አብተው ነኝ። የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። የተመረጥኩት ሁለት ሽማግሌ ስለማያምር ነው።

ከመሪው አጠገብ ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያክል መስታወት አለ። ገብቼ ስቀመጥ ሰማንያ አንድ ይላል። ፍጥነቱ መስሎኝ እጀታውን አጥብቄ ያዝኩ። ገና አልተነሣንም ነበር።

ዘካርያስ ቁጥሩን አየና ሞልቷል አላላችሁም ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ሰይፈሚካኤል ማታ መብራት ትንሽ ጠፍቶ እንደነበር፣ ይህን ለሴቶቹ መንገር እንዳላስፈለገ አስረዱ።

«ለሽማግሌ የሚበቃ ሞልቷል» አሉ።

ሞጆ እስክንደርስ ዘካርያስ የሞተሩን ድምፅ ሲፈልግ ነበር። ጆሮውን ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ይጥላል። ናፍጣ ሲታመም ያስላል፣ ሲያልቅበት ይንተፋተፋል፣ ሰው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞተው፣ መሞቱንም የምታውቀው ከኋላ ሲገጩህ ነው አለ። አቶ ሰይፈሚካኤል በትዕግሥት መለሱ። ዘይት አይቀየርለትም አሉ። ጭስ የለውም አሉ። ጭሱማ ምን አደረገህ አላቸው ዘካርያስ፣ በጭሱ ነው ያደግነው።

ፈጣን መንገዱ ላይ እንደገባን ጎመን የጫነ ኢሱዙ አለፈን። ዘካርያስ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«አብተው፣ ጎመን ሽማግሌ ሲቀድም አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አላየሁም አልኩ። እውነቴን ነበር። አቶ ሰይፈሚካኤል ፍጥነት መስጫውን ረገጡት። መኪናዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወፍ ሆነች። ኢሱዙውን አለፍነው፣ ሲኖትራኩን አለፍነው፣ የአንድ ድርጅት ላንድክሩዘር አለፍን። ዘካርያስ ሳያስበው እሰይ አለና ወዲያው አሳለው። መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥርም በበኩሉ ወደታች ይሮጥ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ቁጥር ሲቀንስ ጥሩ ይሁን መጥፎ ስላላወቅኩ ዝም አልኩ።

ያወቅኩት አቶ ሰይፈሚካኤል ማቀዝቀዣውን ሲያጠፉ ነው። የስምጥ ሸለቆ አየር ለጤና ተስማሚ ነው ብለው መስኮት ከፈቱ። ከዚያ ቀስ ማለት ጀመሩ። ሦስታችንም ኮት ከነክራቫቱ ለብሰናል። ዘካርያስ ላቡን እየጠረገ፣ የናፍጣ መኪና ላይ ሲሞቅህ ማቀዝቀዣ ትከፍታለህ፣ እዚህ ሲሞቅህ ማቀዝቀዣ ትዘጋለህ፣ አሁን የቱ ነው ዘመናዊው ብሎ ጠየቀ። ጎመን የጫነው ኢሱዙም መልሶ አለፈን።

መቂ ጋ አንድ ሆቴል ቻርጅ ማድረጊያ አለው ተብሎ ስለነበር ወጣ ብለን ገባን። አለው። ቁመቱ ሰው ያክላል፣ ያማረ ነው፣ እንደ አዲስ ሶፋ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ዘበኛው ከነመቀመጫው ወደኛ ዞሮ ማሽኑ ተመርቋል እንጂ አልተገናኘም አለ። አቶ ሰይፈሚካኤል በዚህ አልተገረሙም፤ ማዘጋጃ ቤት ሳሉ እንዲህ ያለ ብዙ ነገር አስመርቀዋል።

ባቱ ስንገባ ቁጥሩ ሃያ ሁለት ነበር። በዚህ ወደ አዳማ መመለስ እንደማይቻል እኔ እንኳ ገብቶኛል። አቶ ሰይፈሚካኤል ግን ዕቅድ ነበራቸው። ወጉ እንደሚታወቀው ነው፤ የሴት ወገን የመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። እንማከር ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶ ይሸኛል። እኛም ቀጠሯችንን ይዘን በክብር እንወጣለን፣ ሐይቁ ዳር ያለች አንዲት ፔንሲዮን ገብተን በሩን ዘግተን ቻርጅ እናደርጋለን፣ አመሻሽ ላይ እንሄዳለን። ኦቦ ጉተማ የሚያዩት መድረሳችንን ነው። የፔንሲዮኗን ባለቤት በስልክ አገኟት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም አለቻቸው። ጄኔሬተርስ? ጄኔሬተር አለን፣ ናፍጣ ግን አልቆብናል አለች።

«ይኸዋ! ናፍጣ» አለ ዘካርያስ በድል።

«የሌለው እኮ ናፍጣው ነው» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል።

ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው። እኔ ማን እንዳሸነፈ ሳላውቅ ኦቦ ጉተማ በር ላይ ደረስን።

በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በአፋን ኦሮሞ ሰላም አሉን፣ በአማርኛ ደገሙልን፣ ከዚያ መኪናዋን ዞረው አዩዋትና ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው አጠገብ እንድትቆም አደረጉ። ከዘካርያስ ጋር ዕድሜ ልካቸውን አንተ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። ዛሬ አንቱ ተባባሉ። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ልንናገር ስንል እንቀመጥ አሉ፤ አንቀመጥም አልን፤ አዴ ዲንቄ፣ ባለቤታቸው፣ ውሃ ይዘው መጡ፤ አንቀምስም አልን። ልጅቱ ሳትፈቀድለት የቀመሰ ሽማግሌ ነገሩን እዚያው አበላሸ ማለት ነው። በመጨረሻ መቀመጡን ተቀመጥን። አቶ ሰይፈሚካኤል ልጃችሁን ለልጃችን የሚለውን ከአባቶቻችን ጀምረው ሲናገሩ ቆዩ። እኔና ዘካርያስ አንገታችንን እየነቀነቅን አገዝናቸው።

ኦቦ ጉተማ ሲያዳምጡ ቆይተው ስለ ቤተሰቡ አልጠየቁም፣ ስለ ሃይማኖቱ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው» አሉ። «ይቺ ልጅ ልትወለድ ስትል እናቷ ሦስት ቀን አምጣለች። ያኔ እዚህ ሐኪም የለም። ሽንኩርት የጫነ መኪና አስቁሜ፣ ሽንኩርቱ ላይ አስተኝቼ ነው አዳማ ያደረስኳት። ያ መኪና አሮጌ ነው፣ ይጮሃል፣ ያጨሳል፣ ግን ደረሰ። ልጄ አንድ ቀን አባዬ ድረስልኝ ትለኛለች፣ ወይ እናቷ ታማ ነይ እላታለሁ። ያቺ ዝም ያለች መኪና ትደርሳለች?»

አዴ ዲንቄ ወደ መሬት አዩ። ነገሩን ሁሉ በቀልድ ይዘነው የመጣን ሰዎች ቀልዱ ጠፋብን።

«ትደርሳለች» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል። «ይኸው ደርሰናል።»

«መመለሱስ?»

እዚህ ላይ አቶ ሰይፈሚካኤል ባርኔጣቸውን ፈለጉ። እጃቸው ላይ ነበር። አባት ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲጠይቅ ባዶ ባትሪ መልስ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ዘካርያስ ነው ያዳናቸው።

«ለመመለስ አንቸኩልም» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ለመናገር እሞክራለሁ፣ እኔ ግን መሃል ላይ ማን የማን ወገን እንደሆነ ጠፍቶብኛል።

ዘካርያስ ቃሉን ለመጠበቅ መኪናዋን ማመስገን ጀመረ። ፊቱ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ነው፣ አፉ ግን ያመሰግናል። ጎመን የጫነ ኢሱዙ እንዴት እንደቀደምን ተረከ፤ ኢሱዙው መልሶ እንዳለፈን አልጨመረም። ኦቦ ጉተማ በበኩላቸው ይቃወማሉ ስል፣ እቤት ነው የሚሞላው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። ሰልፍ የሚባል የለውም? የለውም። ሌሊት ተኝተህ ይሞላል? ይሞላል። ይህን ሲጠይቁ ሰውነታቸው ሁሉ ወደፊት ዘንበል ብሎ ነበር፤ የሚቃወም ሰው አይመስሉም። አቶ ሰይፈሚካኤል ደግሞ የሃያ ሁለቷን ነገር እያሰቡ ነው መሰለኝ፣ ለነገሩ ለረጅም መንገድ ናፍጣም መጥፎ አይደለም አሉ። ኦቦ ጉተማ ለከተማ ግን ኤሌክትሪክ ሳይሻል አይቀርም አሉ። ዘካርያስ ለረጅሙም ኤሌክትሪክ ይሻላል አለ። ሦስቱም ቆም ብለው የተናገሩትን አሰቡ።

«አቶ አብተው እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ ኦቦ ጉተማ።

ፀሐይዋ ስለምትከብድ መስኮቶቿ መጋረጃ ያስፈልጋቸዋል አልኩ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ጠለቅ ያለ ነገር የተናገርኩ ተደርጎ ተወሰደ።

ከዚያ ኦቦ ጉተማ መኪናዋ ስትነሣ ላያት እችላለሁ ወይ አሉ። የአቶ ሰይፈሚካኤል ፊት ነጣ። መኪናዋ ከተነሣች መስታወቱ ይበራል፣ መስታወቱ ከበራ ቁጥሩ ይታያል።

«ቃል ሳይሰጥ የሽማግሌ መኪና አይነሣም» አለ ዘካርያስ። «ወግ ነው።»

እኔ በዕድሜዬ ይህን ወግ ሰምቼው አላውቅም። መኪና ራሱ ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው? ኦቦ ጉተማ ግን አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኤዬ፣ አዎ» አሉ። «በእኛም አለ።»

ከዚህ በኋላ ዘካርያስና ኦቦ ጉተማ ወግ በወግ ላይ መደራረብ ጀመሩ። አቶ ሰይፈሚካኤል እንዲያው ለወሬ ያህል የቤቱ ኢሱዙ የት ሄዶ ነው ብለው ጠየቁ፤ ልባቸው ምነው እስከ ሞጆ ቢጎትቱን የሚል ነበር። ቲማቲም ጭኖ ሐዋሳ ሄዷል አሉ ኦቦ ጉተማ። ናፍጣ አያስቸግራችሁም? ናፍጣ የያዘ ሰው ምን ይቸገራል አሉ። ቢኖርም ደግሞ ሊያጭ የመጣን ሽማግሌ የልጅቱ አባት መኪና አይሸኘውም፣ ነውር ነው አሉ። ዘካርያስ ወዲያው በእኛም ነውር ነው አለ። እንዲህ ሆኖ የሌላቸውን ነውር ተለዋወጡ።

በመጨረሻ የጠበቅነው መጣ። ኦቦ ጉተማ ከዘመድ እንማከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ ብለው ተነሡ። በማንኛውም ሌላ ቀን ይህን ሰምተን ተነሥተን፣ አመስግነን፣ ወጥተን ነበር። አቶ ሰይፈሚካኤል እኔን አዩኝ። እኔ ዘካርያስን አየሁት። ዘካርያስ መሬቱን አየ። የት ነው የምንወጣው? በሩን አልፈን መኪናዋ ሃያ ሁለቷን ይዛ እስከ መቂ ትሄድና የሰው አገር አስፋልት ላይ ትሞታለች። ነገ ባቱ ሁሉ ያወራዋል። ምንተስኖት አለቀለት።

አቶ ሰይፈሚካኤል ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ያካበቱትን ድምፅ ሁሉ ሰበሰቡ።

«መልስ ሳናገኝ ከዚህ ወንበር አንነሣም» አሉ።

አዴ ዲንቄ የያዙት ጆግ ላይ ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንዲህ የሚል ሽማግሌ የድሮ ሰው ነው፤ በዚህ ዘመን የለም። የተደነቁም የፈሩም ይመስሉ ነበር። እኛ የተቀመጥነው ባትሪ ስላለቀብን መሆኑን ያወቀ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኛ በቀር የለም፣ እኛም ራሳችን ወንበሩ ላይ ስንቆይ ትንሽ በትንሽ የምር መስሎን ነበር።

ከዚያ ጠበቅን። ፍሪጁ ዝም ብሏል፣ አምፖሉ ዝም ብሏል። አቶ ሰይፈሚካኤል በየመሃሉ አምፖሉን ያያሉ። ዘካርያስ ያያል። ግራ የገባኝ ኦቦ ጉተማም ያዩ ነበር። አዴ ዲንቄ ሦስት አራት ሰው አንድ ቦታ ሲያይ ኮርኒሱ የሚያፈስ መስሏቸው እሳቸውም አንጋጠጡ። ኦቦ ጉተማ ስልካቸውን እያወጡ ሰዓት ያያሉ፣ ወደ መስኮት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ሊያስወጡን የቸኮሉ መስሎን አጥብቀን ተቀመጥን። ከጓዳ የባቱ ዓሣ ሲጠበስ ይሸታል። የዘካርያስ ሆድ ጮኸ፤ ኦቦ ጉተማ ምን አሉ ብለው ጠየቁት፣ ምንም አላልኩም አለ።

በመሃል ስልኬ ጮኸ። ምንተስኖት ነው። በረንዳ ላይ ወጥቼ አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ስንት ቀራት?» አለኝ።

ስለ ልጅቷ የጠየቀ መስሎኝ፣ እሷን አላየኋትም፣ እናቷ ግን ደህና ናቸው አልኩት። ባትሪውን ነው አለ። ነገርኩት። ከዚያ አባቷ ምን አሉ አለኝ። የጠየቁትን ነገርኩት፣ ስለ ሽንኩርቱና ስለ ምጡ። እሱ ደግሞ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ ጋሼ እኔ ብሆን እኮ እደርሳለሁ፣ ማታ ማታ ሳልተኛም ቢሆን እየሞላኋት እደርሳለሁ አለ። በርታ አልኩት።

ዞር ስል ሶረቲ በጓዳው በር ቆማለች። ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። ስልክ በእጇ ነው፤ ከኔ በፊት እሱን እንዳነጋገረችው ገባኝ። መኪናዋን አየች፣ ሰማይ አየች፣ ወደ ውስጥ ገባች። የዚያን ቀን ምን እየሆነ እንደሆነ የገባው ሰው ካለ እሷ ብቻ ናት።

ስመለስ አቶ ሰይፈሚካኤል ጆሮዬ ላይ ተጠግተው አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። መብራት ቢመጣ ሶኬት መለመን እንደ መቅመስ ይቆጠራል ወይ አሉኝ። ውሃ አይቀመስም፣ ዳቦ አይቀመስም፤ መብራትስ? አሰብኩበት። ከሰው ቤት የወጣ ነገር ነው፤ አባትየው ሳይፈቅድ ከገባን ያው ነው አልኩ። ዘካርያስ ግን መብራት አይታኘክም፣ ስለዚህ አይቆጠርም አለ። አቶ ሰይፈሚካኤል ከኔ ጋር ተስማሙ። በሹክሹክታ ድምፅ ሰጥተን ሁለት ለአንድ ወሰንን፦ ሳይሰጡን አንወስድም።

መሽቶ ክፍሉ ጨለምለም ሲል ኦቦ ጉተማ ወንበራቸውን ወደኛ አስጠጉ። ቀኑን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩ የቆዩ ሰው ይመስላሉ። እኔ ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ አሉ፤ መጥቶ፣ ቀጠሮ ተቀብሎ፣ ጠጅ ቤት ገብቶ የሚመለስ ነው። እናንተ ሳትበሉ ሳትጠጡ ዋላችሁ። ልጁን ባላውቀውም የሚቆምለት ሰው እንዳለው አይቻለሁ አሉ። አቶ ሰይፈሚካኤል አንገታቸውን ደፉ፤ ከኀፍረት ይሁን ከትሕትና ከጨለማው የተነሣ አልተለየኝም።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ጉተማ።

ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና ማጉረምረም ጀመረ። አምፖሉ በራ።

መልስ ሳናገኝ ከዚህ ወንበር አንነሣም ያሉት አቶ ሰይፈሚካኤል ተነሡ። ዘካርያስ ከሳቸው ቀድሞ ተነሥቶ የመኪናዋን የኋላ ክዳን ሲከፍት ከግቢው ሰማነው። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተነሣሁ። ኦቦ ጉተማም ተነሡ፤ አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። በሌላው እጃቸው ያለው ስልክ ጮኸ። ስልኩ ድምፁን ክፍሉን ለሞላው ሰው ሁሉ የሚያካፍል ዓይነት ነው።

«ኦቦ ጉተማ! መብራት መጥቷል፣ ማደያው መቅዳት ጀምሯል። ሰልፍ ላይ ያቆሙትን ኢሱዙ ቶሎ መጥተው ካላስጠጉ ወረፋዎ ሊያልፍዎ ነው።»

ኢሱዙው ከሐዋሳ መቼ እንደተመለሰ የጠየቀ የለም።

ኦቦ ጉተማ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ በሩ ሄዱ። ዘካርያስ የተጠቀለለውን የቻርጅ ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጫፉን ይዞ፣ ሶኬት ፍለጋ በዚያው በር ሲገባ ደፉ ላይ ተገናኙ። አንዱ ቁልፉን አየ፣ ሌላው ገመዱን አየ። የሚያሳልፍ አጥተው ሁለቱም እዚያው ቆሙ። አቶ ሰይፈሚካኤል የሚያስታውቁት ነገር እንዳለ ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግን ምንም አልመጣላቸውም። ከጓዳ ሶረቲ ሳቋን ለመያዝ ስትታገል ይሰማ ነበር።

አዴ ዲንቄ ማንንም አላዩም። ጆጉን አስቀምጠው ተነሡ፣ የፍሪጁን ሶኬት ነቀሉ፣ እጃቸውንም ወደ ገመዱ ዘረጉ።